ከራስ በላይ ምን አለ? የኤመርሰንና የቶሮ ትምህርት በአማርኛ ቃላት ሲነበብ

አነቃቂ ጥቅሶችን በሚያሰራጩ የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጾች ላይ የአሜሪካዊው ጸሐፊ የራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ስም እንግዳ አይደለም። ከሁሉ ይበልጥ የሚዘዋወረው «መንገዱ ወደሚወስድህ አትሂድ፤ መንገድ በሌለበት ሂድና ፈለግ ትተህ እለፍ» የሚል ትርጉም ያለው አባባል ነው። አባባሉ ግን የእርሱ አይደለም። ሙሪየል ስትሮድ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በ1903፣ ማለትም ኤመርሰን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ፣ ካሳተመችው ጽሑፍ ተወስዶና ጥቂት ተለውጦ በእርሱ ስም የተለጠፈ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ጥቅስ ባለቤት መሳሳት ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ከበድ ያለው ስሕተት ከጥቅሱ ጀርባ ያለው ነው። ኤመርሰን፣ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ፣ ማርጋሬት ፉለርና ጓደኞቻቸው ከ1830ዎቹ ጀምሮ በማሳቹሴትስ ግዛት ያካሄዱት ትራንሰንደንታሊዝም የተባለው የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና እንቅስቃሴ፣ በጥቅስ ተቆራርጦ ሲቀርብ «ራስህን ብቻ ስማ፣ የሌላው ጉዳይ አያገባህም» የሚል ትምህርት ይመስላል። በእኛ ተረት ሲጠቃለል «ከራስ በላይ ነፋስ» እንደማለት ነው። እንቅስቃሴው ግን የተነሣው ከራስ በላይ ያለው ነፋስ አይደለም ብሎ ነበር። የግርታው አንዱ ምንጭ ደግሞ በቋንቋችን ውስጥ አለ፤ «ተፈጥሮ»፣ «ራስን መቻል» እና «ሕዝባዊ እምቢተኝነት» የሚሉት ሦስት የተለመዱ አተረጓጎሞች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ፣ ትምህርቱን ከነበረበት ቦታ ያንሸራትቱታል።

ስሙና ሥሩ

«ትራንሰንደንታል» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ተሻግሮ መውጣትን፣ ከአንድ ወሰን ማለፍን ያመለክታል። በፍልስፍና ውስጥ አዲስ ትርጉም የሰጠው ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት በ1781 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ነው። ከካንት በፊት እንግሊዛዊው ጆን ሎክ የሰው አእምሮ ሲወለድ እንደ ባዶ ወረቀት ነው፤ የምናውቀው ሁሉ በስሜት ሕዋሳት በኩል የሚገባ ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። ካንት የመለሰው መልስ ባጭሩ ሲቀርብ፣ ልምድ ራሱ የሚቻለው አእምሮ አስቀድሞ የያዛቸው ቅርጾች ስላሉ ነው የሚል ነው፤ ጊዜንና ቦታን በዓይን ዐይተን አልተማርናቸውም፣ የምናየውን ሁሉ ግን በእነርሱ ውስጥ እናያለን።

ይህ ሐሳብ ቦስተን የደረሰው ቀጥታ ከካንት መጽሐፍ ሳይሆን በአብዛኛው በእንግሊዛዊው ገጣሚ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ በኩል ነው። ጄምስ ማርሽ የተባለ የቬርሞንት ምሁር በ1829 የኮልሪጅን አንድ መጽሐፍ ለአሜሪካ አንባቢ ሲያቀርብ፣ በሁለት የማወቂያ መንገዶች መካከል ያለውን ልዩነት አጉልቶ አሳየ። አንደኛው የሚያሰላው፣ የሚያነጻጽረው፣ ከማስረጃ ወደ ድምዳሜ የሚሄደው አእምሮ ነው። ሁለተኛው እውነትን ያለ አማላጅ የሚያየው ነው፤ ለዚህኛው የቤተ ክህነት አማርኛ «ዓይነ ልቡና» የሚል የተዘጋጀ ቃል አለው፣ ከሌላ ከማንኛውም አዲስ ቃል ይልቅም የቀረበ ይመስለኛል። ካንት ራሱ በዚህ ይስማማ ነበር ማለት አይቻልም። እርሱ የሰው ምክንያታዊነት ሊያልፈው የማይችለውን ወሰን ለማሳየት የደከመ ፈላስፋ ሲሆን፣ የቦስተኖቹ ወጣቶች ግን ያን ወሰን የሚሻገር ዓይን አለን ብለው ተነሡ።

ስሙን የሰጧቸውም በአብዛኛው ሌሎች፣ ያውም ግማሽ በፌዝ ነበር። ኤመርሰን በ1840ዎቹ መጀመሪያ በቦስተን ባደረገው ንግግር፣ አዲስ አመለካከት የተባለው ነገር ጥንታዊው የሐሳባውያን፣ ማለትም ከቁስ ይልቅ ሐሳብን የሚያስቀድሙት፣ ፍልስፍና በ1842 መልኩን ቀይሮ ሲታይ ነው በማለት ለማብራራት ሞክሯል። ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን ከሚባለውና ሕንዳዊው ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ በ1950ዎቹ ማስተማር ከጀመረው የተመስጦ ዘዴ ጋር ያለው ዝምድና ከስም አያልፍም። እርግጥ ነው፣ ኤመርሰንና ቶሮ የኖሩባት የኮንኮርድ ከተማ ጸሐፍት የሕንድን ቅዱሳት መጻሕፍት በትርጉም እያነበቡ ይደነቁ ነበር፤ በመጽሔታቸውም ላይ ከምሥራቅ ሃይማኖቶች የተቀነጨቡ ጽሑፎችን አትመዋል። ይሁን እንጂ ያስተማሩት የመቀመጥና የመተንፈስ ሥርዓት አልነበረም።

ከመንበሩ የወረደው ሰባኪ

እንቅስቃሴው የተወለደው ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኤመርሰን የሰባኪ ልጅ ነው፤ እርሱም በ1829 በቦስተን ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ተሾሞ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ የዩኒቴሪያን ነበረች፤ ዩኒቴሪያን የሚባሉት ምሥጢረ ሥላሴን የማይቀበሉ፣ እምነትን ከምክንያት ጋር ለማስታረቅ የሚጥሩ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በ1831 ወጣቷ ባለቤቱ ኤለን በ19 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። በማግሥቱ ዓመት፣ በመስከረም 1832፣ የጌታ እራት የሚባለውን ሥርዓት ከዚህ በኋላ ሊመራ እንደማይችል ለምእመናኑ አስረድቶ ሥራውን ለቀቀ። ክርስቶስ ሥርዓቱን ለዘላለም እንዲደገም አላዘዘም ብሎ በመጽሐፍ ቅዱስ ከተከራከረ በኋላ፣ ወደ መጨረሻ ያነሣው ምክንያት ግን ከማስረጃው ሁሉ የላቀ ነበር፤ ልቡ ያልተባበረበትን ነገር ማድረግ አይችልም። የኋላው ትምህርቱ በሙሉ በዚህች አንዲት እምቢታ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

ከዚያ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በ1833 ፓሪስ በሚገኘው የዕፀዋት ቦታና የተፈጥሮ ሙዚየም፣ በየዓይነታቸው የተደረደሩትን አእዋፍ፣ ቀንድ አውጣዎችና ድንጋዮች ሲመለከት በእነርሱና በራሱ መካከል ሥውር ዝምድና እንዳለ ተሰማው፤ የተፈጥሮ ተመራማሪ እሆናለሁ ብሎም በማስታወሻው ጻፈ። ብሪታንያ ሲሻገር ጸሐፍቱን ኮልሪጅን፣ ዎርድስወርዝንና ካርላይልን አገኘ። ተመልሶ ከቦስተን በስተ ምዕራብ በምትገኘው በኮንኮርድ ከተማ ተቀመጠና በ1836 «ተፈጥሮ» የተባለችውን ትንሽ መጽሐፍ ስሙን ሳይጽፍ አሳተመ። በዚያው ወር፣ በመስከረም 1836፣ በኋላ የትራንሰንደንታል ክበብ የተባለው የውይይት ማኅበር መሰብሰብ ጀመረ።

ፍጥጫው የመጣው በሐምሌ 1838 ነው። የሃርቫርድ የነገረ መለኮት ተመራቂዎች ንግግር እንዲያደርግላቸው ጋበዙት። ኤመርሰን ለእነዚያ ወጣት ሰባክያን የነገራቸው፣ ሰዎች ስለ ራእይ የሚናገሩት ድሮ ተሰጥቶ እንዳበቃ ነገር፣ እግዚአብሔርም እንደሞተ ያህል አድርገው ነው የሚል ነበር። የክርስቶስን ተአምራት የእምነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብንም ነቀፈ። ታዋቂው የነገረ መለኮት ሊቅ አንድሩስ ኖርተን በማግሥቱ ዓመት ይህን ትምህርት አዲስ የመጣ የክሕደት ዓይነት ብሎ በጽሑፍ መለሰ። የኖርተን ክርክር በቀላሉ የሚጣል አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው በውስጡ የሚሰማውን ድምፅ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ካለ፣ ሁለት ሰዎች ሁለት ተቃራኒ ድምፅ ቢሰሙ ማን ይዳኛል? ይህን ጥያቄ ኤመርሰን በሚገባ መለሰው ለማለት ይከብደኛል። ሃርቫርድ ግን በክርክር ብቻ አልተወሰነም፤ ለ30 ዓመት ገደማ ንግግር እንዲያደርግ አልጋበዘውም።

«ተፈጥሮ» ስንል

የአማርኛው «ተፈጥሮ» ከ«ፈጠረ» የወጣ ነው። ቃሉ ገና ሲጠራ ፈጣሪን ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ላይ የሰውን ጠባይ ጭምር ይጠራል፣ «ተፈጥሮው እንዲህ ነው» እንላለንና። በዚህ ምክንያት አማርኛ ተናጋሪ ተፈጥሮ የፈጣሪን ሥራ ትመሰክራለች ሲባል ምንም አዲስ ነገር አይሰማም። ኤመርሰን ያለው ከዚህ ይለያል። በመጽሐፉ መግቢያ ተፈጥሮን በፍልስፍና ቋንቋ ሲበይን «እኔ ያልሆነው ሁሉ» ይለዋል፤ በዚህ ውስጥ ዛፉና ወንዙ ብቻ ሳይሆኑ የሰው እጅ ሥራ፣ ሌሎች ሰዎች፣ የገዛ አካሉም ሳይቀር ይገባሉ። «እኔ» የሚለው እንግዲህ ነፍስን ብቻ ነው። ወዲያው ደግሞ ያ ወሰን የሚፈርስበትን ቅጽበት ይተርካል፤ በባዶ መሬት ላይ ቆሞ፣ ራሱን ለነፋሱ አጋልጦ፣ ትምክሕቱ ሁሉ ጠፍቶ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ዓይን እንደሆነ፣ ራሱ ምንም እንዳልሆነና ሁሉን እንደሚያይ ይናገራል። ግለሰብን ያከብራል የተባለው እንቅስቃሴ ዝነኛ አንቀጽ የሚናገረው ስለ «እኔ» መጥፋት መሆኑ በጥሞና ሊታይ ይገባል።

የቶሮ ተፈጥሮ ሌላ ነው፤ ይለካል፣ ይቆጠራል። በኮንኮርድ አጠገብ ባለው በዋልደን ኩሬ ዳር ሲኖር የአካባቢው ሰዎች ኩሬው መጨረሻ የለውም ብለው ያምኑ ነበር። ቶሮ መሬት ቀያሽም ነበርና በ1846 መጀመሪያ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ በላዩ እየተራመደ በገመድ ጫፍ ድንጋይ አስሮ ወደ ታች ሰደደ፤ ድንጋዩ መሬት ነክቶ ሲነሣ ከሥሩ ውኃ እስኪገባ ድረስ የሚጠይቀው የክንድ ኃይል እንዴት እንደሚለወጥ በእጁ እያዳመጠ ለካው። ጥልቁ ቦታ 102 ጫማ፣ ማለትም 31 ሜትር ያህል ሆነ። ቁጥሩን ካስቀመጠ በኋላ ደግሞ ኩሬው ጥልቅና ንጹሕ ሆኖ ምሳሌ ለመሆን በመፈጠሩ እንደሚያመሰግን ጻፈ። መለካቱ መደነቁን አላጠፋበትም።

በኋለኞቹ ዓመታት በኮንኮርድ አካባቢ የትኛው አበባ በየትኛው ቀን እንደፈነዳ እየመዘገበ ሰንጠረዥ ሠራ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያን መዝገብ ከዛሬው ጋር ሲያስተያዩት፣ አየሩ በመሞቁ ምክንያት ብዙ ዕፀዋት ከቶሮ ዘመን ቀድመው እንደሚያብቡ አረጋገጡ። ለሥነ ጽሑፍ ሰው የተያዘ ማስታወሻ ለአየር ንብረት ጥናት ማስረጃ የሆነበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

ራስን መቻል ወይስ በራስ መታመን?

ከሁሉ የከፋው መንሸራተት እዚህ ላይ ነው። ኤመርሰን በ1841 ያሳተመው ዝነኛ ድርሰት ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ «ራስን መቻል» ይባላል። በአማርኛ ግን «ልጄ ራሷን ቻለች» ያለ አባት የሚናገረው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ከቤተሰብ እጅ ስለ መውጣት ነው። ርእሱ እንዲህ ሲነበብ ድርሰቱ የንግድ ምክር ይሆናል፤ በአነቃቂ ንግግር መድረክ ላይ ቢቀመጥም የሚገርም አይሆንም። ኤመርሰን የሚናገረው ስለ መታመን ነው። ሰው በገዛ ልቡ ውስጥ ሲበራ ያየውን ሐሳብ የራሱ ስለሆነ ብቻ ንቆ ይጥለዋል፤ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ሲናገረው ያፍራል ይላል። «በራስ መታመን» የሚለው አተረጓጎም ስለዚህ የተሻለ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚታመነው «ራስ» ማን እንደሆነ ካልተብራራ ጎደሎ ነው።

ያን የሚያብራራው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ሌላ ድርሰት ነው፤ ርእሱን «ላዕላይ ነፍስ» ልንለው እንችላለን። በዚያ ድርሰት መሠረት የእያንዳንዱ ሰው ልዩ ማንነት በአንድ ታላቅ ነፍስ ውስጥ ይገኛል፣ ምድር በአየር እቅፍ ውስጥ እንዳለች ሁሉ። ሰው በራሱ ሲታመን የሚታመነው በፍላጎቱ፣ በስሜቱ ወይም በኪሱ ሳይሆን በእርሱ በኩል በሚፈሰው በዚያ ነገር ነው። ሁለቱን ድርሰቶች ለያይቶ ማንበብ ትምህርቱን ገልብጦ ማንበብ ነው። ጥቅስ ለጣፊዎች የሚወስዱት የመጀመሪያውን ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከርእሱ ጀምሮ «ከራስ በላይ ነፋስ» ለሚለው አስተሳሰብ መልስ ነው።

ይህ ማለት ግን ኤመርሰን ራሱ ለተሳሳተው ንባብ በር አልከፈተም ማለት አይደለም። በ1841ዱ ድርሰት ውስጥ ድሆችን የመርዳት ግዴታ አለብህ ለሚለው ሰው «ድሆቹ የእኔ ድሆች ናቸውን?» ብሎ ይመልሳል፤ የእርሱ ላልሆኑ ሰዎች የሚሰጣትን ዶላርና ሳንቲም እንደሚቆጭባትም ይጽፋል። ወዳጆቹ ይህን ሲያስረዱ፣ የተቃወመው ለታይታ የሚሰጥን ምጽዋት ነው፣ በመንፈስ ለሚቀርቡኝ ሰዎች እስር ቤትም እገባለሁ ብሏልና ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አሁንም ሲነበብ ይጎረብጣል። ምሁራን እስከ ዛሬ በዚህ ይለያያሉ። አንዳንዶች ኤመርሰንን ለአሜሪካ የነጻ ገበያ ግለኝነት መንፈሳዊ ልብስ ያለበሰ ሰው አድርገው ያዩታል። ፈላስፋው ስታንሊ ካቬል በበኩሉ የሚያየው የሥነ ምግባር አስተማሪ አድርጎ ነው፤ ሰው አሁን ባለበት ማንነት ረክቶ መቀመጡ ነውር እንደሆነ፣ ገና ወዳልደረሰበት የተሻለ ራሱ መጓዝ እንዳለበት የሚያስተምር። እንደ እኔ ግምት የካቬል ንባብ ለጽሑፉ ይበልጥ ይታመናል፤ የፊተኛው ግን ጽሑፉ በታሪክ ውስጥ የሠራውን ሥራ በትክክል ይገልጻል።

የ28 ዶላር ቤት

ቶሮን በአማርኛ «ባሕታዊ» ወይም «መናኝ» ብሎ መጥራት ይቀናል። ምናኔ ግን ዓለምን ጥሎ ወደ እግዚአብሔር መሄድ ነው፤ መናኝ ለዘመዶቹ ሞቷል። ቶሮ በሐምሌ 4 ቀን 1845 ኤመርሰን በገዛው መሬት ላይ ወደ ሠራት ጎጆ ሲገባ፣ ከተወለደባት ከኮንኮርድ የራቀው በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። የፊችበርግ ባቡር በኩሬው ጫፍ ያልፋል፣ ጩኸቱም ይሰማዋል። ወደ ከተማ እየሄደ ወሬ ይሰማል፣ ከእናቱ ማዕድ ይቀርባል፤ እንግዳም ይቀበላል፣ ሦስት ወንበሮች ነበሩት። ከሁለት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ፣ በመስከረም 1847፣ ለቆ ተመለሰ።

ታዲያ ምን ሊያደርግ ሄደ? መልሱ በ1854 ባሳተመው «ዋልደን» በተባለው መጽሐፍ የመጀመሪያና ረጅሙ ምዕራፍ ውስጥ አለ፣ የምዕራፉም ርእስ «ኢኮኖሚ» ነው። በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ከነበረ ጄምስ ኮሊንስ ከተባለ አየርላንዳዊ አሮጌ ጎጆ በ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገዝቶ አፈረሰና ሳንቃውን ተጠቀመበት። ምስማሩን፣ ኖራውን፣ መስታወቱን፣ ማጠፊያውን እየዘረዘረ የቤቱ ወጪ በድምሩ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል መሆኑን ያሳያል፤ በርዝመት 15፣ በወርድ 10 ጫማ የሆነ ቤት ነው። የሃርቫርድ ተማሪ ለአንድ ክፍል በዓመት ከዚያ የሚበልጥ ኪራይ እንደሚከፍልም ያስታውሳል። ባቄላ ዘርቶ ሸጦ፣ ወጪውን ቀንሶ፣ የተረፈው 8 ዶላር ከ71 ሳንቲም ተኩል ነው። ይህ ሁሉ ቁጥር ለጌጥ አልተጻፈም። ቶሮ የአንድ ዕቃ ዋጋ ማለት ዕቃውን ለማግኘት፣ አሁንም ሆነ በኋላ፣ የምንለውጠው የዕድሜያችን መጠን ነው ይላል፤ የሂሳብ መዝገቡ ይህን ለማሳየት የቀረበ ማስረጃ ነው። ነጋዴ ገንዘቡን እንደሚቈጥር ሰው ዕድሜውን ቢቈጥር ምን ያህሉ ኪሳራ ሆኖ ይገኛል የሚለው ጥያቄ፣ ዛሬ በብድር ቤትና በትርፍ ሰዓት ሥራ መካከል ለሚኖር ሰው ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው።

ጥያቄው ጥሩ ቢሆንም ሂሳቡ ግን ሙሉ አይደለም። መሬቱን ያለ ኪራይ የሰጠው ወዳጁ ነው፤ የእናቱና የእኅቶቹ ድካምም በዚያ መዝገብ ውስጥ አልገባም። ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ስለ ሥራ ሰበከ የሚለው የተለመደ ነቀፋ ግን ልክ አይደለም። ቶሮ በቤተሰቡ የእርሳስ ፋብሪካ የእርሳሱን ጥራት በገዛ ጥናቱ ያሻሻለ፣ በቅየሳና በእጅ ሥራ የሚያድር ሰው ነበር፤ በኩሬው ዳር በቆየበት ጊዜም የመጀመሪያ መጽሐፉን ጽፎ አጠናቋል። መጽሐፉ በ1849 በ1000 ቅጂ ታትሞ 706ቱ ሳይሸጡ ተመልሰውለታል።

እምቢታው የማን ነው?

በሐምሌ 1846 ቶሮ ጫማውን ከሰፊ ሊወስድ ወደ ከተማ ሲሄድ፣ ለዓመታት ያልከፈለውን የነፍስ ወከፍ ግብር የተጠየቀው ሳም ስቴፕልስ በተባለው ሹም ነው። እምቢ አለ፤ ታሰረ። በዚያው ሌሊት ሌላ ሰው ግብሩን ከፈለለትና በማግሥቱ ተለቀቀ፤ ጫማውን ወስዶም ከልጆች ጋር የዱር እንጆሪ ሊለቅም ሄደ። ምክንያቱ ያን ጊዜ አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር የጀመረችው ጦርነትና ባርነት ነበር፤ ጦርነቱ ባርነት የሚስፋፋበትን መሬት ይጨምራል የሚል ስጋት በሰሜኑ ግዛቶች ተሰራጭቶ ነበርና። ከእርሱ በፊት በ1843 ወዳጁ ብሮንሰን አልኮትም በዚያው ግብር ምክንያት ተይዞ ነበር።

ቶሮ ስለዚህ ጉዳይ በ1848 ንግግር አድርጎ በ1849 ድርሰቱን ሲያሳትም የሰጠው ርእስ «የሲቪል መንግሥትን መቃወም» የሚል ነበር። ዛሬ የሚታወቅበት ርእስ የመጣው ቶሮ በ1862 ከሞተ በኋላ፣ በ1866 በወጣው እትም ነው። እኛ ደግሞ ይህን የኋለኛውን ርእስ «ሕዝባዊ እምቢተኝነት» አልነው። በኢትዮጵያ የፖለቲካ ንግግር ውስጥ ቃሉ አድማን፣ ከቤት ያለመውጣትን፣ የሕዝብን የጋራ ንቅናቄ የሚጠራ ሆኗል። የቶሮ ድርሰት ግን ስለ ሕዝብ ንቅናቄ አይናገርም። የሚናገረው ስለ አንድ ዜጋ ኅሊና ነው፤ ብዙኃኑ እስኪስማማ የማይጠብቅ፣ መንግሥት የግፍ መሣሪያ እንዲሆን በገንዘቡ እንዳያግዝ እጁን የሚሰበስብ ሰው። በማሳቹሴትስ አንድ ሐቀኛ ሰው እንኳ ባሪያ መያዝን ትቶ በዚህም ምክንያት ቢታሰር ባርነት በአሜሪካ አበቃለት ማለት ነው ብሎ ይጽፋል። ግነት ነው፤ የሐሳቡን አቅጣጫ ግን በግልጽ ያሳያል። «የዜጋ እምቢታ» ብንለው ወደ ትርጉሙ የቀረብን ይመስለኛል።

የአንድ ሰው የነበረው እምቢታ ወደ ሕዝብ የተሻገረው በሌሎች እጅ ነው። ማሕተማ ጋንዲ በደቡብ አፍሪካ ሳለ ድርሰቱን አንብቦ በ1907 በጋዜጣው ላይ ለአንባቢዎቹ አስተዋወቀ፤ ይሁንና ትግሉ ከቶሮ የተቀዳ ነው መባሉን በኋላ በደብዳቤ አስተባብሏል፣ ድርሰቱ እጁ ከመግባቱ በፊት እንቅስቃሴው እንደተጀመረ ገልጾ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ደግሞ በሞርሃውስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ደጋግሞ እንዳነበበውና ከክፉ ሥርዓት ጋር ያለመተባበርን ሐሳብ ያገኘበት እንደሆነ ጽፏል። በዚህ የተነሣ ቶሮ የሰላማዊ ትግል አባት ተደርጎ ይታያል፤ ይህ ግን ግማሹን ታሪክ ይሸፍናል። ባርነትን በመሣሪያ ኃይል ለመጣል የተነሣው ጆን ብራውን በ1859 ተይዞ ሞት ሲጠብቀው፣ ሌሎች ዝም ባሉበት ሰዓት በኮንኮርድ ቆሞ በአደባባይ የተሟገተለት ቶሮ ነው።

ኤመርሰን ወደ ትግሉ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1838 ቼሮኪ የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከመሬቱ እንዳይነቀል ለፕሬዚዳንት ቫን ቢዩረን ደብዳቤ ቢጽፍም፣ በባርነት ላይ በግልጽ የተናገረበት ትልቁ ንግግሩ የመጣው በነሐሴ 1 ቀን 1844 ነው። ለስብሰባው የሚደወል ደወል የሚያሰማ ሰው ሲጠፋ ገመዱን ጎትቶ ከተማውን የጠራው ቶሮ ነበር። ያመለጡ ባሮችን አሳልፎ መስጠትን የሚያስገድደው የ1850 ሕግ ሲወጣ ደግሞ ኤመርሰን በማስታወሻው ሕጉን እንደማይታዘዝ እግዚአብሔርን ጠርቶ ማለ።

የማን ራስ?

እንቅስቃሴው ስለ «ሰው» ሲናገር ሁሉንም ሰው ማለቱ ነበር? ይህን ጥያቄ ከውስጥ ሆና ያነሣችው ማርጋሬት ፉለር ናት። ከ1840 እስከ 1844 የቆየውን «ዘ ዳያል» የተባለውን መጽሔታቸውን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያዘጋጀችው እርሷ ናት፤ ከ1839 ጀምሮም በቦስተን ለሴቶች የውይይት ጉባኤ ታካሂድ ነበር። በ1845 ባሳተመችው መጽሐፍ የተከራከረችው በራሳቸው በጓደኞቿ ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ነፍስ የራሱን ብርሃን መከተል ካለበት ሴትን ከዚህ የሚያስቀራት ምንድን ነው? ሴቶች የትኛውን ሥራ ይሥሩ ለሚላት፣ ከፈለጉ የመርከብ አዛዥም ይሁኑ ብላ መለሰች። ወደ ጣልያን ሄዳ የ1849ኙን የሮማ አብዮት ለኒውዮርክ ጋዜጣ ዘገበች፤ በ1850 ከባሏና ከሕፃን ልጇ ጋር ስትመለስ መርከቧ በኒውዮርክ አቅራቢያ ተሰብሮ ሦስቱም ሞቱ።

ፉለር የጠየቀችው በጽሑፍ ነው፤ አቢጌል አልኮት ግን በገዛ ጉልበቷ ከፍላበታለች። ባሏ ብሮንሰን በ1843 ፍሩትላንድስ የተባለ የጋራ ኑሮ መንደር ከጓደኛው ጋር ሲመሠርት፣ ጥጥ የባሮች ላብ ስለሆነ አይለበስም፣ ሱፍም የበጉ ስለሆነ አይነካም ተባለ። ወንዶቹ ሐሳባቸውን ለማስተማር ሲዞሩ የምግቡም የእርሻውም ሸክም በእርሷ ላይ ወደቀ። ልጇ ሉዊዛ ሜይ አልኮት፣ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ የነበረችው፣ በኋላ በልቦለድ መልክ በጻፈችው ትረካ፣ አንድ እንግዳ በቦታው የጭነት ከብት አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እናትየዋ «አንዲት ሴት ብቻ» ብላ ትመልሳለች። መንደሩ በሰባት ወር ፈረሰ። ከእርሱ የተሻለ የቆየው ብሩክ ፋርም የተባለው የጆርጅ ሪፕሊ የጋራ እርሻም ከ1841 እስከ 1847 ነው የዘለቀው።

የዘር ጥያቄ ይበልጥ ያስቸግራል። የታሪክ ምሁሯ ኔል አርቪን ፔይንተር እንዳሳየችው፣ ባርነትን የተቃወመው ኤመርሰን በ1856 ስለ እንግሊዞች ባሳተመው መጽሐፍ የሳክሰንን ዘር የሚያሞግስ አስተሳሰብ አስፋፍቷል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ኖረዋል፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን መደበቅ አይገባም። በቶሮ «ዋልደን» ውስጥ ግን አንድ የተረሳ ምዕራፍ አለ። ቶሮ በዚያ ጫካ ከእርሱ በፊት ይኖሩ የነበሩትን፣ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን፣ በየስማቸው ይጠራል፤ ኬቶ ኢንግራሃምን፣ ብሪስተር ፍሪማንን፣ ዚልፋ የተባለችውንም ሴት። ዚልፋ ለከተማው ሰው ተልባ እየፈተለች፣ ጫካው እስኪያስተጋባ እየዘፈነች ትኖር ነበር፤ በ1812ቱ ጦርነት የእንግሊዝ ምርኮኛ ወታደሮች ቤቷን በሌለችበት አቃጠሉት፣ ድመቷ፣ ውሻዋና ዶሮዎቿም አብረው ነደዱ። የነጻ ሰው የብቸኝነት ምርጫ ተብሎ የሚወደሰው ጫካ፣ ለእነዚህ ሰዎች ሌላ ቦታ ስላልተፈቀደላቸው የተጣሉበት ነበር።

ከኮንኮርድ ወዲህ

የኤመርሰንና የቶሮ አንባቢ የነበረው ጆን ሙር በ1871 ኤመርሰንን በዮሰሚቲ ሸለቆ ተቀብሎ ያስጎበኘ ሲሆን፣ በኋላ ለአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች መስፋፋት ዋና ተሟጋች ሆነ። ከዚያ የመጣው ሰው የሌለበት ንጹሕ ዱር የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ጫካና እንስሳ አድኗል። የታሪክ ምሁሩ ዊልያም ክሮነን ግን በ1995 ባሳተመው ድርሰት፣ ዱር ማለት ሰው የሌለበት ቦታ ነው ካልን፣ ሰው በሚኖርበት ቦታ ከተፈጥሮ ጋር እንዴት መኖር እንዳለበት ማሰብ እንተዋለን፣ ከዱሩ የተነቀሉትንም እንረሳለን በማለት ተከራክሯል። ክርክሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች በ2016 ተነሥተው ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ የተነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር። በአንድ በኩል ዋልያና ቀይ ቀበሮ፣ በሌላ በኩል ለትውልድ ያረሰ ገበሬ። ለዚህ ውዝግብ ቶሮን ተጠያቂ ማድረግ ግን አግባብ አይሆንም። እርሱ ያወደሰው ዱርነትን ነው፤ ዱርነት ደግሞ በእርሱ አገላለጽ በባቄላ ማሳው ዳር፣ በከተማው ጠርዝ፣ በሰውም ውስጥ ይገኛል።

እነዚህን ጽሑፎች በሙሉ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ የመጀመሪያውን ከባድ ውሳኔ የሚወስነው በ1841ዱ ድርሰት ርእስ ላይ ነው። «ራስን መቻል» ካለው አንባቢው ስለ ሀብት ይጠብቃል፤ «በራስ መታመን» ካለው ስለ ድፍረት ይጠብቃል። «ላዕላይ ነፍስ» የሚለውን ድርሰት አጠገቡ ካላሳተመውም የሚታመነው ማን እንደሆነ አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዓይነ ልቡና፣ ኅሊና፣ ተመስጦ የሚሉት ቃላት ከገዳሙና ከአብነት ትምህርት ቤቱ አማርኛ ውስጥ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል፤ ተርጓሚው ግን ቃላቱን ከሥርዓቱ ነጥሎ ሲወስዳቸው፣ ኤመርሰን ከመንበሩ የወረደው ሥርዓቱን እምቢ ብሎ መሆኑን በግርጌ ማስታወሻ ማሳወቅ ይኖርበታል።